የማይሞተው ቦርድ

በካሊፎርኒያ ለሐኪሞች ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠራቸው የሕክምና ቦርድ ዕድሜው በሕግ የተቆረጠ ነው፤ ሕግ አውጪዎቹ በየጥቂት ዓመቱ መርምረው ካላደሱት ይፈርሳል። እንዲህ ያለውን ሕግ በአሜሪካ መጀመሪያ ያወጣችው ኮሎራዶ ናት፣ በ1976 እ.ኤ.አ.፤ የማይረባ መሥሪያ ቤት ዘላለም በሕዝብ ትከሻ ላይ እንዳይቀመጥ ተብሎ ነበር። በካሊፎርኒያ ዋና ከተማ ሳክራሜንቶ ግን የቀኑ መቅረብ ለቦርዱ ሌላ ዕድሜ መስጫ ሆኗል። በ2023 የተሰጠው የመጨረሻው እድሳት እስከ 2028 መግቢያ ያደርሰዋል።

ምርመራው የሚጀምረው ቦርዱ ስለ ራሱ በሚጽፈው ወፍራም ሪፖርት ነው፤ ተመርማሪን ከራሱ በላይ ማን ያውቀዋል? ቀጥሎ ሕዝብ ይሰማል። በሕክምና ስህተት ቤተሰብ ያጡ ሰዎች ማይክሮፎን ፊት ተሰልፈው ሐዘናቸውን በተፈቀደላቸው አጭር ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው ይቀመጣሉ። የሐኪሞች ማኅበር ጉዳይ አስፈጻሚ እንዲህ ያለ የሰዓት ችግር የለበትም።

የ2023ቱ ረቂቅ አንድ ድፍረት ይዞ መጥቶ ነበር። ከ15ቱ የቦርድ አባላት 8ቱ ሐኪሞች፣ 7ቱ የሕዝብ ተወካዮች ናቸው፤ ረቂቁ ሁለት የሕዝብ ተወካይ ጨምሮ ሚዛኑን ሊገለብጥ አሰበ። የሐኪሞቹ ማኅበር ተቃወመ፣ ሐሳቡም ከረቂቁ ወጣ። ተገቢ ነው፤ የሐኪምን ስህተት የሚለየው ሐኪም ነው፣ ተራው ሰው የሚያውቀው ከደረሰበት በኋላ ብቻ ነው።

የማስረጃው ሚዛንም ሳይነካ አለፈ። ታካሚ ሐኪሙን ካሳ ቢጠይቅ የእሱ ማስረጃ ከተከሳሹ ጥቂት ካመዘነ ይበቃዋል። ቦርዱ ፈቃድ ለመንጠቅ ግን ከ1982 የፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ «ግልጽና አሳማኝ» የሚባል ከፍ ያለ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ገንዘብ ይተካል፣ የሐኪም ስም አይተካም ተብሎ ይሆናል፤ የታካሚው አካል መተካት አለመተካቱ በዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም።

የቦርዱ ኪስም የራሱ ታሪክ አለው። የሚተዳደረው ከግብር ሳይሆን ከሚቆጣጠራቸው ሐኪሞች የፈቃድ ክፍያ ነው። ክፍያው ወጪውን አልሸፍን ቢለው ለተሽከርካሪ ምርመራና ጥገና ከተቋቋመው ፈንድ 10 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ፤ የሰው አካል ቁጥጥር በመኪና ገንዘብ ቆመ ማለት ነው። ከዚያ የሁለት ዓመቱ ክፍያ ከ863 ወደ 1,350 ዶላር ከፍ እንዲል ለመነ፤ የተፈቀደለት 1,151 ሆነ። ተቆጣጣሪው ለደመወዙ ሲጨነቅ፣ ምን ያህል እንደሚከፍሉት ሲከራከሩ የነበሩት ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው።

ታካሚውም ባዶ እጁን አልተመለሰም። ቦርዱ የሕክምና ጥራትን የሚመለከት አቤቱታ ከመዝጋቱ በፊት አቤት ባዩን እንዲያነጋግር በ2023ቱ የእድሳት ሕግ ግዴታ ተጥሎበታል። ካሊፎርኒያ የሕክምና ሥራን የሚመለከት የመጀመሪያ ሕጓን ያወጣችው በ1876 ነው፤ ተበዳዩን መጠየቅ አስፈላጊ መሆኑን ለማወቅ 147 ዓመት ብቻ ነው የፈጀባት።