የጃርት ምስክር

ተረት ተረት። የላም በረት።

አራዊት ራሳቸው አርሰው ይበሉ በነበረበት ዘመን፣ ከስሪንቃ እስከ መርሳ፣ ከመርሳም እስከ ጊራና ያለው የሀብሩ ሜዳ ሁሉ የማሽላ አገር ነበር። ሚያዝያ ተዘርቶ ኅዳር የሚታጨድ፣ ድኩላ ቢገባበት የቀንዱ ጫፍ የማይታይ ማሽላ። ጥንቅሹን ሲመጡት ውሃው እስከ ክርን ይወርዳል። ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ ወልዲያ ገበያ ለሚወጣው እህል አህያ አልበቃ ብሎ ከርከሮ ይጫን ነበር ይባላል። ከርከሮ ጭነት መቻሉን እጠራጠራለሁ፤ ተረቱ ግን እንዲህ ነው የሚለው።

አንድ ዓመት ነሐሴ ላይ ማሽላው ታመመ። ዝናቡ ሳይጠፋ ውሃ እንደ ጠማው ጠወለገ፤ ቅጠሉ እሳት እንደ ላሰው ዳር ዳሩን ነጣ፤ ቁመቱ ከጉልበት አላልፍ አለ። ሰንበት ብሎ ከየማሽላው ግርጌ ሐምራዊ አበባ ያላት ቀጭን አረም ብቅ ብቅ አለች። ውብ ናት። እመት ጦጢት አበባዋን እየቀጠፈች ለልጆቿ ባንገታቸው አሰረችላቸው። አረሚቱን የጠረጠረ አልነበረም። የመጣችው ማሽላው ከታመመ በኋላ ነዋ! ለቅሶ የደረሰን እንግዳ ገዳይ ነህ የሚል ማን አለ?

ስለዚህ አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝን የማያውቅ ወጣት አንባቢ ቢኖር፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ወንጀል ተሠርቶ ወንጀለኛው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ ያየ የሰማውን ይናገራል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም። አራዊቱም ስሪንቃ ላይ ከአንዲት ዋርካ ሥር ተቀመጡ። አባ ዝንጀሮ ዳኛ ሆነ።

መጀመሪያ የቆመችው ቆቅ ናት።

«ማሽላውን የገደለው ከአፋር በኩል የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«ጅግራ ነገረችኝ።»

ጅግራ ተጠራች። እርሷም ነፋስ ነው አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«ጌታዬ፣ አሁን ቆቅ ስትናገር አልሰሙም?»

አባ ዝንጀሮ «ሁለት ምስክር» ብሎ ሁለት ጠጠር አስቀመጠ።

ቀጥሎ ጉሬዛ ነጭ ካባውን አስተካክሎ ተነሣ። ማሽላ የሚታመመው ጨረቃ ስትጎድል ሲዘራ ነው፤ አያቴ ተናግሯል አለ። ከኋላ በኩል አንድ ጥንቸል «አያትህስ በምን አወቁ?» ብሎ ጠየቀ። ጉሬዛ አልመለሰም፤ መመለስም አላስፈለገውም። «የጉሬዛ አያት በምን አወቁ ይባላል? ባለጌ!» ብሎ ጉባኤው ሁሉ ጥንቸልን ጮኸበት። ሦስተኛው ጠጠር ወረደ።

በሦስተኛው ቀን ረሃብ ገባ። የአውጫጭኝ ነገር ሲወራ የሆድ ነገር ብዙ አይነሣም እንጂ፣ በእኔ ግምት ብዙ ጥፋተኛ የተገኘው ምስክር ሲበረታ ሳይሆን የራት ሰዓት ሲያልፍ ነው። አንዱ ጥፋተኛ ይባልና እንሂድ የሚል ነገር ከአፍ ባይወጣም በየዓይኑ ይነበብ ነበር። ይህን አያ ጅቦ አሸተተ።

«ጌቶቼ፣ ሌባ ሻይ እያለ ምን ያደክመናል?»

ሌባ ሻይም የራሳችን ነገር ነው፤ ዛሬ ቀርቷል እንጂ። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ ወገቡ ታስሮ ጫፉን ባለመድኃኒቱ ይይዛል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ ዕዳውንም ይከፍላል። የእመት ጦጢት የመጨረሻ ልጅ ተመረጠች። ጠጣች፣ ዓይኗ ዞረ፣ ሮጠች፣ ወደቀች። የወደቀችው ከጃርት ጉድጓድ አፍ ላይ ነበር። ገመዱን የያዘው አያ ጅቦ መሆኑን፣ አያ ጅቦም ባንድ ወቅት ጃርት ሊበላ ሞክሮ ከከንፈሩ እሾህ ሲያስነቅል መክረሙን ያስታወሰ የለም።

ጃርት ተጎትቶ ወጣ። በላ ልበልሃ ብሎም ቆመ።

«አምና የእመት ጦጢትን ስኳር ድንች የቆፈርሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ማሽላውን ግን አልገደልሁም። ሌሊቱን ሥር ለሥር ስለማድር እናንተ ያልነካችሁትን ነክቻለሁ። ያቺ አበባ ያላት አረም ማሽላውን ከሥሩ ይዛ እንደ ጥጃ ትጠባዋለች። ብቅ የምትለው ጠብታ ከጠገበች በኋላ ነው።»

«ምስክርህ ማን ነው?»

«ሥሩ።»

«ለሥሩስ ማን ይመሰክርለታል?»

«ጥፍሬ።»

«በጨለማ የምትሄድ፣ የሰው ድንች የምትሰርቅ አንተ፣ ጥፍርህ ለመታመኑ ዋስህ ማን ነው? ለዋስህስ ዋስ?»

ጉባኤው አጨበጨበ። እማማ ኤሊ ብቻ አንገቷን አወጣች።

«አባ ዝንጀሮ፣ ጥያቄዎ ደግ ጥያቄ ነው፤ ታች የለውም እንጂ። ቆቅን አንዴ ጠይቀው ጠጠር ጣሉላት። ጉሬዛንማ ጭራሽ አልጠየቁትም። ጃርት ሲመጣ የዋስ ዋስ አማረዎት።»

እማማ ኤሊ እውነቷን ነው። «በምን አወቅህ?» ለማንወደው ሰው ጉድጓድ ነው፤ ለምንወደው ሰው ግን ከሰላምታ አያልፍም።

ጃርት ዋስ አልጠራም። «እኔን አትመኑ፤ እኔ ሌባ ነኝ። ኑና ቆፍራችሁ እዩ» አለ። ከአንድ የጠወለገ ማሽላ ርቆ ጀመረ፤ አፈሩን በጥፍሩ ገለጥ ገለጥ እያደረገ ቀረበ፤ ሥሩ እንዳይበጠስ ከነጓሉ አንሥቶ ወራጅ ውሃ ውስጥ ነከረው። ጓሉ ቀስ እያለ ሟሟ። የማሽላው ሥር ወፈር ያለ፣ የአረሚቱ እንደ ፈትል የቀጠነና የነጣ። ሁለቱ በተገናኙበት ላይ ከምስር ፍሬ ያነሰች እብጠት አለች። ጃርት እብጠቷን ሰነጠቃት፤ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር አይለይም ነበር። የጦጣ ልጆች ባንገታቸው ያለውን አበባ አንድ ባንድ አወለቁ።

«መጠጋት መጥባት ነው እንዴ?» አለ አያ ጅቦ። «እኔ ከበረት አጠገብ ስለተገኘሁ ብቻ ጥጃ በላ ልትሉኝ ነው?»

ሁሉም ዝም አለ፤ ጥጃውን መብላቱን የማያውቅ አልነበረምና። ጃርት ግን «እውነቱን ነው» አለ።

እናም ከዋርካዋ በታች አንድ ቁራጭ መሬት ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን የታመመው አፈር እንዳለ ተተወ፤ በሌላው ወገን ማሽላ በቅሎበት የማያውቅ የወንዝ ዳር አፈር ተጋዘበት። ዓመት ተጠበቀ። መጠበቁን የወደደ አልነበረም፤ ቆቅ እንደሆነች ገና በሰኔ ፍርዱን ታውጅ ነበር። ኅዳር ላይ የወንዝ ዳሩ ማሽላ አንገቱን ደፍቶ ሲያዘረዝር ሌላው ገለባ ሆኖ ቀረ።

«የወንዝ አፈር ለም ስለሆነ ነዋ!» አለ አያ ጅቦ።

«አሁንም እውነቱን ነው» አለ ጃርት።

በሚቀጥለው ዓመት በሁለቱም ወገን የወንዝ ዳር አፈር ሆነ። ዘሩ ከአንድ ጎተራ፣ ሽልሻሎው በአንድ ቀን። ልዩነቱ በአንደኛው ወገን የአረሚቱ ዘር መበተኑ ብቻ ነበር። ዘር ዘር አይመስልም፤ መዳፍ ላይ ሲያኖሩት እፍ ቢሉት የሚጠፋ ብናኝ ነው። ብናኙ የተበተነበት ወገን ነሐሴ ሳይወጣ ጠወለገ። አያ ጅቦ ሌላ ምክንያት ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አልመጣለትም፤ ዘጋው። በእነዚያ ዓመታት ጃርትን የአያ ጅቦን ያህል የረዳው የለም። ወዳጆቹማ ገና ሥሩ ውሃ ውስጥ ሲነከር አምነውት ነበር።

እዚህ ላይ ከተረቱ ትንሽ ልውጣ። አረሚቱ አቀንጭራ ናት። አንዷ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል፤ የሚነቃውም የማሽላን የመሰለ ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ነው። ሥር ካልጠራት አትነሣም። ዶክተር ገቢሳ ኤጄታ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህንኑ ይዘው ጥሪያቸው የደከመ ማሽላዎችን እየመረጡ አዳቀሉ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። ከዝርያዎቹ ሁለቱ አገራችን ውስጥ ጎብዬና አብሽር ተብለው ወጡ። ጎብዬ ከወልዲያ ወደ ቆቦ ሲሄዱ የምትገኝ ከተማ ናት፤ አብሽር ወሎዬ የተከፋ ሲያጽናና የሚለው ቃል ነው። ስሪንቃም ዛሬ የግብርና ምርምር ማዕከል አለባት፤ ማሽላም ከሚመረመሩት አንዱ ነው።

ወደ አራዊቱ ልመለስ። እነርሱም በእርሻው ጥግ ብናኙ እያለ ያልታመመ ማሽላ አገኙ፤ ጃርት «የሌላው ሥር አረሚቱን ይጣራል፤ የዚህ ዝም ይላል» ቢል ዝምታዬ አሉት። ዝምታዬ ሀብሩን ሞላት፤ የወልዲያ ገበያም እንደ ድሮው ጠገበ።

ታዲያ የጃርት ነገር ከዚያ ወዲህ ተበላሸ። አባ ዝንጀሮ በየክርክሩ «ጃርት ብሏል» እያለ ጠጠር ይጥል ጀመር። ስለ ዝናብ ጃርት ተጠየቀ፤ ስለ ጋብቻ ጃርት ተጠየቀ። ስኳር ድንች ሲቆፍር ቢያዝ እንኳ «ጃርት ያለ ምክንያት አይሰርቅም» ተባለለት። ጉሬዛ በዚህ አኩርፎ ነበር፤ የአያቱ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦበታልና።

አንድ ቀን ያቺ ሌባ ሻይ የጠጣችው ትንሿ ጦጣ፣ አሁን አድጋለች፣ ከዋርካዋ ሥር ተነሣች።

«ሥር ለምን ይጣራል? ሌባን ቤቱ ድረስ የሚጠራ ምን ዓይነት ሞኝ ነው?»

«ጃርት ይጣራል ብሏል፤ በቃ» አለ አባ ዝንጀሮ።

«እኔ ያን ቀን ከጃርት ጉድጓድ አፍ የወደቅሁት ሌባ አግኝቼ አይደለም፤ እግሬ ከድቶኝ ነው። እናንተ ግን አመናችሁኝ። አሁን ደግሞ ጃርትን እንዲያው አመናችሁት።»

ፊት ሁሉ ወደ ጃርት ዞረ። ጃርት እሾሁን አንዴ አራገፈ።

«አላውቅም» አለ።

እንዲህ ያለ ድንጋጤ ዋርካዋ አይታ አታውቅም። ጉሬዛ ጉሮሮውን ጠረገና «አያቴ አላውቅም ብሎ አያውቅም» አለ።

የትንሿ ጦጣ ጥያቄ ለሰዎችም ቀላል አልነበረም። አቀንጭራን የሚቀሰቅሰው ንጥረ ነገር በ1966 እ.ኤ.አ. ሲለይ ከጥጥ ሥር ነበር የተገኘው፤ ጥጥ ደግሞ አቀንጭራን የምታኖር ተክል አይደለችም። ትጠራታለች፣ አታበላትም። ሥር ለምን እንደሚጣራ ፍንጩ የተገኘው ከ39 ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ በጃፓን ተመራማሪዎች ነው። ሥሩ የሚጠራው ወዳጁን ኖሯል፤ ከአፈር ፎስፈረስ እየለቀመ የሚያቀብለውን ፈንገስ። አቀንጭራ ጥሪውን አጥር ሥር ሆና የሰማች ናት። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብሁት ዝምታዬን ነው፤ ሌባውን ብሎ ዝም ሲል ወዳጁንስ ምን ብሎት ይሆን?

ያን ሌሊት ጃርትና ጦጣዋ ወደ እርሻው ወረዱ። ጨረቃ አልነበረችም። ጃርት ከአንድ ዝምታዬ ርቆ ጀመረ፤ ገለጥ ገለጥ እያደረገ ቀረበ።

«ምንም አይታየኝም» አለች።

«እኔም አይታየኝም» አለና እጇን ይዞ ጣቶቿን ከእርጥቡ ሥር ላይ አኖረላት።