ይድረስ ለእትዬ፣ ለገሃር

እኔ ከናፍቆትሽና ከስቶክሆልም ብርድ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው በስልክ «ያቺን ልጅ ቆንጠጥ አድርጋት እንጂ!» ስትዪኝ ዝም ያልኩት ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር፣ ልጄም አጠገቤ ነበረች። አማርኛዋ ጎደሎ ነው ብለሽ እንዳትሸወጂ፤ ቁንጥጫ የሚለውን አበጥራ ታውቃለች። ስትዘጊው «እትዬ ሕግ አታውቅም እንዴ?» አለችኝ። አንቱታውን ስለዘለለችው ይቅር በያት፤ እዚህ መምህሩንም ዳይሬክተሩንም በስማቸው ነው የሚጠሯቸው።

ሕጉ ይኸውልሽ። ስዊድን ልጅን በቤት ውስጥም ቢሆን መምታትን በመከልከል ከዓለም የመጀመሪያዋ አገር ናት፤ እንደ ፈረንጆቹ በ1979። ከልክለው ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? የወተት ካርቶን ላይ አተሙት! ልጁ ቁርሱን እየበላ መብቱን ሲያነብ፣ አባት ወተቱን እየቀዳ ግዴታውን ያነብ ነበር። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ላይ ልጅ በትምህርት ቤት እንዳይገረፍ ይላል። ግን የለገሃር ወተት የሚመጣው በጣሳ ነበር፣ ምኑ ላይ ይታተም?

ለዱላ ጥብቅና አልቆምም፤ የአባባን ቀበቶ አንቺም እኔም እናውቀዋለን። የቸገረኝ ሌላ ነው። እኛን እናትና አባታችን ብቻ መች አሳደጉን? የለገሃሩ አንበሳ ሐውልት ላይ ስንንጠላጠል ያ የምድር ባቡር ጡረተኛ በፈረንሳይኛ ሰድቦ በአማርኛ ይኮረኩመናል። ቤት ሳንደርስ ወሬው ቀድሞን ደርሶ እማዬ በር ላይ ቆማለች። እዚህ ጎረቤቴን የማውቀው ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ በር ላይ፣ በተራ መመዝገቢያው ነው። ልጄ ደረጃው ላይ ብታብድ ቀና ብሎ የሚገላምጣት የለም። ጎረቤቷም፣ አክስቷም፣ ጡረተኛዋም እኔው ነኝ።

መንግሥታቸው ግን ደግ ነው። ለአንድ ልጅ 480 ቀን የወላጅ ፈቃድ ይሰጣል፤ 90ው የአባት ድርሻ ነው፣ ካልወሰደው ይቃጠላል። በእኛ አገር አዋጅ 1156/2011 ለአባት የፈቀደው 3 ቀን ነው፤ እሱንም ወንዶቹ የአራስ ገንፎ እየበሉ ይጨርሱታል። እኔ ግን ጋሪ እየገፋሁ፣ ዳይፐር በቦርሳ ይዤ፣ ከሌሎች ባለጋሪ አባቶች ጋር ስለ ጥርስ ማብቀል ስወያይ ከረምኩ። ለሰፈር ልጆች እንዳትነግሪብኝ።

ብርዱን ደግሞ ስሚ። መዋዕለ ሕፃናት ሲገቡ በበረዶ ቀን ከደጅ፣ ጋሪ ውስጥ ያስተኟቸዋል። የመጀመሪያ ቀን ልወስዳት ስሄድ ሰባት ስምንት ጋሪ ግድግዳ ጥግ ተደርድሯል። የኔዋ ከብርድ ልብሱ የወጣችው አፍንጫዋ ብቻ ናት፣ ቲማቲም መስላለች፤ እሷ ታንኮራፋለች። ልጮህ ስል ሞግዚቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እንዳትቀሰቅሳት» አለችኝ። እማዬ ብርድ ይመታቸዋል ብላ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ስትወትፍ ዕድሜዋን ፈጀች እኮ!

አንድ ማስፈራሪያ ቀርታኝ ነበር፤ «ክረምት ሲመጣ ለገሃር ነው የምልክሽ!» የምትል። እሷንም አንቺ አበላሸሽብኝ። ካዛንቺስ ፈርሷል፣ የእኛም ሰፈር ጎረቤት ከከተማ ዳር በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል ትዪኛለሽ። የአንቺዎቹም ልጆች ቲክቶክ ላይ አፍጥጠው እንግዳ ሲገባ አይነሱም አሉ። ታዲያ ልኬያት ማን ሊቆጣልኝ ነው? የቀረው አንበሳው ነው። እሱም ጣሊያን ሮም ወስዶት ስንት ዓመት ከርሞ የተመለሰ ስደተኛ ስለሆነ ለውጭ ልጅ ሳያዳላ አይቀርም።

ለማንኛውም ሰኔ ላይ እንመጣለን። ዘመድ ሁሉ እየተቀባበለ ጉንጯን ሲስማት እንዳትደነግጥ ከወዲሁ እያለማመድኳት ነው። እስከዚያ ሰው ካገኘሽ ሽሮና በርበሬ ላኪልኝ። በርበሬውን ግን ለዘብ አድርገሽ አስፈጪው፤ ያለፈውን አንድ ጉርሻ ቀምሳ፣ እንባዋ እየወረደ፣ «አባዬ፣ ይኼስ አልተከለከለም?» አለችኝ።

ወንድምሽ