ሽታይነር አልመጣም

በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ የፖለቲካ ቪዲዮ ሠርቻለሁ። ፖለቲካው ግን ገና ሥራው ሳያልቅ መንገድ ላይ ቀረ።

ነገሩ የተጀመረው የእህቴ ልጅ ለእረፍት እኛ ቤት በሰነበተበት ጊዜ ነው። ልጁ ስልኩን እንደ መቁጠሪያ ሲያሻሽ የሚውል ነው። አንድ ማታ ብቻውን ሲንከተከት «ምን አገኘህ?» ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሂትለር ነው። ደም ሥሩ ተገታትሮ ይጮሃል፤ ከሥር የተጻፈው ጽሑፍ ግን የሚያወራው ስለ አንድ የእግር ኳስ ቡድን ሽንፈት ነው።

ያላያችሁት ካላችሁ ትዕይንቱ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 «ዴር ኡንተርጋንግ» የተባለ የጀርመን ፊልም ወጣ። ሚያዝያ 1945፣ በርሊን፣ ከመሬት በታች ያለ ምሽግ። ጄኔራሎቹ ካርታ ከበው ቆመዋል። ሂትለር ሽታይነር የተባለው የጦር አዛዥ አጥቅቶ ሁሉን ነገር ያስተካክለዋል ብሎ ተማምኗል። አንዱ ጄኔራል «ሽታይነር...» ብሎ ይንተባተባል፤ ሌላው «አልቻለም» ብሎ ይጨርስለታል። ዝምታ። ሰውዬው በሚንቀጠቀጥ እጁ መነጽሩን ቀስ ብሎ ያወልቃል፤ ከአራት ሰዎች በቀር ሌላው ሁሉ ከክፍሉ እንዲወጣ ያዛል፤ በሩ ሲዘጋ ጣራው እስኪነሳ ይጮሃል። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሴት ታለቅሳለች። ሂትለርን ሆኖ የሚጫወተው ስዊዘርላንዳዊው ብሩኖ ጋንዝ ነው፤ ከልቡ ስለተጫወተው ነው ቀልድ የሚያምርበት።

እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ስፓንኛ ተናጋሪ በዚህ ትዕይንት ሥር ስለ ኮምፒውተር ጨዋታ የሚያማርር ጽሑፍ ለጠፈበት። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው? ምርጫ የተሸነፈው፣ ስልክ የተበላሸበት፣ የመኪና ማቆሚያ ያጣው ሁሉ በሂትለር አፍ መጮህ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2010 የፊልሙ ባለቤት ኩባንያ ብዙዎቹን ከዩቲዩብ ሲያስነሳ ሰዉ ምን ቢሠራ ጥሩ ነው? ሂትለር ቪዲዮዎቹ መነሳታቸውን ሰምቶ ሲያብድ የሚያሳይ ቪዲዮ ሠራ። ዳይሬክተሩ ኦሊቨር ሂርሽቢግል እንኳ በቀልዶቹ እንደሚዝናና ተናግሯል።

ልጁ ይህን ሁሉ ሲነግረኝ እኔ የታየኝ አዝማሪ ቤት ነው። እንግዳው «ተቀበል!» ይላል፣ ግጥሙን ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ይለቀዋል። ተሰዳቢው ቢቆጣ አዝማሪው «የሰጡኝን ነው ጌታዬ» ይላል፤ ሰጪውም ብርጭቆው ላይ አቀርቅሮ የሌለበት ይመስላል። ስድቡ ባለቤት ሳይኖረው ቤቱን ሞልቶት ይወጣል። ብሩኖ ጋንዝም የዓለም ሕዝብ «ተቀበል!» እያለ የሚያዘው አዝማሪ መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ ግንባሩ ላይ ብር የሚለጥፍለት አልነበረም።

«ጋሼ፣ እኛም እንሥራ» አለኝ።

«በማን ላይ?»

«በሚኒስትር።»

ሚስቴ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። «የትኛው ሚኒስትር?»

«ስም አንጠራም።»

«ስም ካልተጠራማ ሁሉም የኔ ነው ይላል» አለች።

እውነቷን ነው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ አለ። ቀልድ እዚያ ውስጥ አይገባም ትሉ ይሆናል፤ ይገባል አይገባም የሚለውን የሚወስነው ግን የቀለደው ሰው አይደለም። ፍርሃቴ እንኳ ከአዋጁ በዕድሜ ይበልጣል። በደርግ ጊዜ አባቴ ስለ ጓድ ሊቀመንበር ቀልድ ሊነግረን ሲል መጀመሪያ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርግ ነበር። ሬዲዮኑ የሚያወራው ስለ ጓድ ሊቀመንበር ነው።

ስለዚህ ወደ ክፍለ ከተማ ወረድን። ክፍለ ከተማ ያላለቀ የካርታ ጉዳይ እንዳለኝ ትዝ አለኝ። ወደ ወረዳ ወረድን። መታወቂያዬ ሊታደስ ነው። እንዲህ እየወረድን እየወረድን እኛም እንደ ሂትለር ምድር ቤት ደረስን፤ የኮንዶሚኒየማችን የብሎክ ኮሚቴ ላይ።

የኮሚቴው ጥፋት የታወቀ ነው። እኛ አራተኛ ፎቅ ነን፤ ውሃ ደግሞ ከሦስተኛ ፎቅ በላይ መውጣት አይወድም። ለሞተር ተብሎ ሦስት ጊዜ አዋጥተናል። ሞተሩን ያየ የለም።

ሥራው የፈጀብን ሁለት ሌሊት ነው። ሽታይነር የሚለው ስም ከሂትለር አፍ በግልጽ ስለሚሰማ ከጽሑፉ ማውጣት አልቻልንም፤ ቧንቧ ሠራተኛ አደረግነው። ጀርመን አገር የተማረ ወዳጄ እንደነገረኝ ጀርመንኛም ብዙ ጊዜ እንደ አማርኛ ግሱን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ እናም የሰውዬው ጩኸት «አልመጣም!» ላይ ሲያርፍ ልክ በአማርኛ የተቆጣ ነው የሚመስለው። የከበደን ሌላ ነው። ልጁ ጄኔራሎቹን «አንተ» አስብሏቸው ነበር። ሂትለርን አንቱ ማለት ይቀፋል፤ ሊቀመንበራችንን አንተ ማለት ደግሞ የባሰ ይቀፋል፤ ጡረተኛ ናቸው፣ ለቅሶ ላይ ቀድመው የሚደርሱ ሰው ናቸው። አንድ ሰዓት ከተከራከርን በኋላ ሂትለር አንቱ ተባለ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ውሃው ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ ቆሟል።»

«ሽታይነር ሞተሩን ይዞ ሲመጣ ይስተካከላል።»

«ጓድ ሊቀመንበር... ሽታይነር ቀብዱን ተቀብሎ ስልኩን ዘግቷል።»

መነጽር ይወልቃል። «የመዋጮ ደረሰኝ ጠይቃችሁ የማታውቁ ብቻ እዚህ ቅሩ!» አራት ሰው ይቀራል። ኮሪደሩ ላይ አንዷ ሌላዋን ታባብላለች፦ «አታልቅሺ፣ እኛ አንደኛ ፎቅ ነን።»

ልጁ የማን እንደሆነ በማይታወቅ አካውንት ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። እኔ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በነጋታው ደረጃ ላይ ያገኘኋቸው የአንደኛ ፎቋ እማማ ከልባቸው አዝነው ጠበቁኝ። «አየኻቸው እኚያን ሰውዬ? ምድር ቤት እየኖሩ እንዴት ውሃ ያጣሉ?»

ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ሊቀመንበሩ ናቸው፣ ስልካቸውን ይዘው። ሚስቴ እኔን አየችኝ፤ እኔ ልጁን አየሁት፤ ልጁ መጸዳጃ ቤት ገባ።

«ይቺን ተመልከታት!» አሉኝ፤ እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። «የብሎክ 14 ሊቀመንበር ቁርጥ! ያ ሰውዬ እኮ እንዲሁ ነው፣ ደረሰኝ ሲጠየቅ ያብዳል። ማን እንደሠራት ባወቅሁና ቡና በጋበዝኩት!» እዚያው በራችን ላይ ቆመው በብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ለቀቋት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ አንዱ ጎረቤት ሰውዬው የወረዳው ኃላፊ መሆናቸው ግልጽ ነው ብሎ ጻፈ። ሌላው «ዝም በል፣ ከዚያም በላይ ነው» አለው። ማታ ላይ የሚኒስትር ስም ተነሳ። እኛ በፍርሃት የወረድነውን ደረጃ ቪዲዮዋ በአንድ ቀን መልሳ ወጣችው። እኔም መጋረጃ ዘጋሁ።

ሊቀመንበሩ ከመሄዳቸው በፊት ለኛ ደግሞ የምሥራች ነበራቸው፤ ሞተሩ ተገዝቷል፣ ቅዳሜ ቧንቧ ሠራተኛው ይዞት ይመጣል፣ ለትራንስፖርት ትንሽ መዋጮ ብቻ ነው የቀረው። ከፈልን። ደረሰኝ አልጠየቅኩም፤ ከአራቱ አንዱ ሆኜ ቀረሁ።

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ሊቀመንበሩ ግቢው መሐል ቆመው በር በሩን ያያሉ። ኳስ የሚጫወቱት ሕፃናት ባጃጅ ባለፈ ቁጥር «ሽታይነር መጣ!» ይላሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እኔና የእህቴ ልጅ በረንዳ ላይ ነን። ሊቀመንበሩ በስልካቸው ደወሉ፣ አዳመጡ፣ አንዴ ደገሙት። ከዚያ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና መነጽራቸውን ቀስ ብለው አወለቁ።