ሰንጢ ለመንገደኛ

ኪሴ ውስጥ ሰንጢ ሳልይዝ ከቤት መውጣት አልወድም። ይህን ስናገር ፊታቸው የሚለዋወጥ ሰዎች አሉ። ከተማ ውስጥ ሰንጢ ሲባል ብዙውን ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የመጠጥ ቤት አምባጓሮና የጨለማ ቀማኛ ነው፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ሰንጢን ያወቅሁት ከአያቴ ኮት ኪስ ነው። ሸንኮራ የሚልጡልን፣ እርሳሳችንን የሚቀርጹልን፣ ጠፍር የሚተለትሉት፣ በበዓል ሥጋ ሲቀርብ ለእንግዳ የሚቆርጡለት በዚያችው በአንዲቷ ነበር። ሥራዋን ስትጨርስ በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጓታል፣ ያጥፏታል፣ ወደ ኪስ ትመለሳለች። ለልጅ ሲያቀብሉ እንኳ አጥፈው ነው። ሰንጢ የጨዋ ሰው ዕቃ ናት የሚለው እምነቴ ከዚያ የመጣ ነው፤ ዛሬም አልተለወጠም።

ስለ ሰንጢ አመራረጥ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን የዓባይ በረሃ ነው።

ጥር ላይ የአክስቴ ልጅ ደብረ ማርቆስ ስታገባ ቤተ ዘመዱ ሚኒባስ ተኮናትሮ ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነሣ። ጎሐ ጽዮን ላይ ቁርስ በላን፤ በረሃውን ቁልቁል ወረድን፤ ድልድዩን ተሻገርን። ወደ ደጀን የሚወስደውን ዳገት ስንያያዘው የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ፤ ወዲያው ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡልቅ አለ። ሾፌሩ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ መንገዱን በጃፓን እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ከመከፈቱ በፊት ጀምሮ የሚያውቁት ሰው ናቸው። መኪናዋን ጥግ አስይዘው፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አስደረጉና «ማንም ክዳኑን እንዳይነካ!» አሉ። የፈላ ራዲያተር ክዳን የከፈተ ሰው ፊቱ እንደሚቃጠል ስለሚያውቁ ነው። ሞተሩ እስኪበርድ እናቶች ከግራር ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ልጆች ዝንጀሮ ፍለጋ ገደሉን ያያሉ።

ሲበርድ ታየ። የላይኛው ማኒኮቶ፣ ማለትም የራዲያተሩ የውኃ ጎማ፣ ራዲያተሩ አፍ ላይ ከሚታሰርበት ጫፉ ተሰንጥቋል። «ይኼ ቀላል ነው» አሉ ሾፌሩ። «የተሰነጠቀውን ቆርጠን መልሰን እናስረዋለን፤ ትርፍ ርዝመት አለው። ቢላ የያዘ ማነው?»

የእህቴ ባል ቀድሞኝ «ጋሼ፣ እኔ ጋ አለ!» ብሎ ከቀበቶው ላይ መዘዘ። ከመንገድ ዳር ሱቅ በቅርቡ የገዛት፣ ፒንሳም መጋዝም መዶሻም ያላት፣ የምታብረቀርቅ ዕቃ ናት። ስለቷን ከፍቶ ጎማውን ይገዘግዝ ጀመር። የራዲያተር ጎማ ቀላል ነገር አይደለም፤ መሀሉ ላይ ክር ተጠላልፎበታል። ስለቱ ክሩ ጋ ሲደርስ ያዘ። ጫን ሲል መቆለፊያው ሸሸና ስለቱ ወደ እጀታው ታጠፈ። የታጠፈው ደግሞ በጣቶቹ ላይ ነው።

ደሙ ራዲያተሩ ላይ ተንጠባጠበ። እናቴ «በስመ አብ!» ብላ ነጠላዋን ልትቀድ ተነሣች። ቦርሳዬ ውስጥ ጎዝና ፕላስተር ስለነበረኝ ጣቶቹን በንጹሕ ውኃ አጥበን፣ አጥብቀን ጠቅልለን፣ እጁን ከፍ አድርጎ እንዲቀመጥ አደረግን። የራሴን ሰንጢ ለሾፌሩ ሰጠኋቸው። አገላበጡና «ይቺ እንጨት ናት እንዴ?» አሉ። ቀለበቷን አዙረው ቆለፏት፤ ስለቱን በአውራ ጣታቸው ገፋ ገፋ አድርገው እንደማይንቀሳቀስ አዩ፤ ጎማውን ቀጥ አድርገው ቆረጡት። የማሰሪያውን ብሎን በሌላኛዋ ሰንጢዬ ካቻቢቴ አጠበቅነው፤ ከጀሪካን ውኃ ሞላን፤ ዳገቱን ወጣን። የእህቴ ባል ደጀን ላይ ጣቱን አሰፍቶ ሠርጉን በአንድ እጁ በላ።

ያቺን ጣቱን የቆረጠችውን ዕቃ ደብረ ማርቆስ ከገባን በኋላ ቁጭ ብዬ መረመርኳት። መቆለፊያዋ ስለቱ ሲከፈት ከእጀታው ውስጥ ወደ ጎን ተፈናጥራ ከስለቱ ተረከዝ ሥር የምትገባ ስስ የብረት ቅጠል ናት። አሠራሩ ራሱ መጥፎ አይደለም፤ ውድ ውድ ሰንጢዎችም ይጠቀሙበታል። የዚህች ግን ቅጠሏ ተረከዙን የነካችው በጠርዟ ብቻ ነው፤ ብርሃን ላይ ሳያት ክፍተቱ ይታያል። ስለቱን ይዤ ግራ ቀኝ ሳወዛውዘው ማጠፊያው ላይ ይንቀጫቀጫል። መዶሻ ነው የተባለው የእጀታው ጫፍ ነው። መጋዙ ጥርስ አለው፤ ጥርሱ ግን ስለት የለውም። ገዢ የሚያየው የመሣሪያውን ብዛት ነው፤ ሠሪውም ይህን ያውቃልና ብረቱንም ጉልበቱንም የሚቆጥበው ከማይታየው ከመቆለፊያው ላይ ነው። ይህ ያናድደኛል። መጥፎ እስክሪብቶ ቢሸጡልን ቀለሙ ይደርቃል፤ መጥፎ ሰንጢ ግን ጣት ይወስዳል።

ሾፌሩ እንጨት ናት እንዴ ያሏት ኦፒኔል ናት። ፈረንሳይ ውስጥ፣ የአልፕስ ተራሮች ባሉበት በሳቮዋ፣ ጆሴፍ ኦፒኔል የሚባል የአንጥረኛ ልጅ በ1890 ለአካባቢው ገበሬ የሠራት ሰንጢ ናት። ዘመኑን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ባለው ዓመት፣ በ1897፣ ከ1 እስከ 12 በቁጥር በመጠን በመጠኗ አወጣት፤ ዛሬም የምትጠራው በቁጥሯ ነው። የእኔዋ ቁጥር 8 ናት፤ ስለቷ 8 ሴንቲ ሜትር ተኩል። ስለት፣ የእንጨት እጀታ፣ አንድ ምስማር፣ ቀለበት፤ ሌላ ነገር የላትም። የምትዞረው ቀለበት የተጨመረችው በ1955 ነው። አንገቷ ላይ ስትዞር ስለቱ የሚያልፍበት ክፍተት ይዘጋል፤ ስለቱ መታጠፍ ቢፈልግ እንኳ የሚታጠፍበት መንገድ የለውም። ሰው ሳያዞራት በራሷ አትቆልፍም። በአንድ እጅ የሚከፈት ለሚፈልግ አትሆንም። ዝናብ ሲነካት ደግሞ እንጨቱ ያብጥና ስለቱ አልወጣ ይላል፤ የእጀታዋን ቂጥ ጠረጴዛ ላይ መታ ሲያደርጉት ብቅ ይላል። ዋጋዋ ግን በቀበቶ ከምትንጠለጠለው ዕቃ ብዙም አይርቅም፤ ጣት አትበላም።

ሌላኛዋ የስዊዘርላንድ ናት፤ ቀይ እጀታ ያላት፣ ነጭ መስቀል ያለባት፣ ሁሉም የሚያውቃት። የስዊዝ ጦር ለወታደሩ የሚታጠፍ ቢላ ሲፈልግ አዲሱን ጠመንጃ የሚፈታ ካቻቢቴና ቆርቆሮ መክፈቻ እንዲኖረው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ከጀርመን አገር ከዞሊንገን ተገዙ፤ አገር ውስጥ ያን ያህል ማምረት የሚችል ስላልነበረ። ካርል ኤልዘነር የተባለ ባለሙያ ይህን አልወደደውም፤ ሌሎች ቢላ ሠሪዎችን አስተባብሮ በ1891 ለጦሩ ማቅረብ ጀመረ። ዞሊንገን በርካሽ ስለሚሠራ ባልደረቦቹ ጥለውት ሄዱ፤ እሱ ዕዳ ውስጥ ገብቶም አልተወም። በ1897 ያወጣው የመኮንን ሰንጢ ነው ስሙን ያተረፈለት። እናቱ ቪክቶሪያ በ1909 ሲሞቱ ለዕቃው ስማቸውን ሰጠው፤ በ1921 የማይዝግ ብረት ሥራ ላይ ዋለና በፈረንሳይኛ ኢኖክስ የሚባለው ተቀጥሎ ቪክቶሪኖክስ ሆነ።

ብዙዎቹ የስዊዝ ሰንጢዎች መቆለፊያ የላቸውም፤ ስለቱን ከፍቶ የሚይዘው ሞላ ብቻ ነው። ስለዚህ የራዲያተር ጎማ አልቆርጥባትም። ብርቱካን፣ ገመድ፣ የታሸገ ካርቶን፣ ዳቦ ይበቃታል። እኔ የምወዳት ለትናንሾቹ ነው፤ ለወረንጦዋ፣ ለወስፌዋ፣ ለመቀሷ። እሾህ በወረንጦ ያወጣ ሰው፣ የተበጠሰ የቦርሳ ማንገቻ በወስፌ በስቶ የሰፋ ሰው ይገባዋል።

ፒንሳ ያስፈልገኛል ለሚል ሰው ደግሞ የአሜሪካው ሌዘርማን አለ። ቲም ሌዘርማን ይህን ዕቃ ያሰበው በ1975 ከባለቤቱ ጋር አውሮፓን በአሮጌ ፊያት ሲዞር ነው። መኪናዋ በየመንገዱ ትቆማለች፤ የሆቴሎቹ ቧንቧ ያፈሳል፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ሰንጢ ፒንሳ የለውም። አገሩ ተመልሶ ለዓመታት ሲቀጠቅጥና ሲያስተካክል ቆየ፤ ለገበያ የቀረበው በ1983 ነው። አሮጌ መኪና ይዞ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው የዚህን ሰው ችግር ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ለኪስ ግን ትከብዳለች፤ የመኪና ኪስ ውስጥ ትቀመጥ።

ስለ ብረቱ ብዙ ይወራል። ገዢዎች ጠንካራ ብረት ይፈልጋሉ፤ ሻጭም የጥንካሬ ቁጥር ይጠራላቸዋል። በጣም የጠጠረ ብረት ስለቱን ለረጅም ጊዜ ይይዛል፤ ሲደነዝ ግን በአልማዝ ዱቄት የተቀባ መሳያ ካልሆነ አይበገርም። የስዊዞቹ ሆን ተብለው ለስለስ የተደረጉ ናቸው፤ በሮክዌል መለኪያ 56 ገደማ። የእኛ አገር ሰው በእጁ ያለው መሳያ የወንዝ ድንጋይ፣ ሞረድ፣ ካጣም የሲኒ ቂጥ ነው። የሲኒው ሥር፣ ቀለም ያልተቀባው ሻካራ ክብ፣ በጣም ጥሩ ማስለቻ ነው። ስለቱን አጋድሞ፣ ጀርባውን ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ ጫን ሳይሉ በአንድ ወገን፣ ከዚያ በሌላው ወገን መሳብ ነው። ትንሽ ቆይቶ ወረቀት ይቆርጣል። በሲኒ ቂጥ የማይሳል ሰንጢ መንገድ ላይ አይጠቅመኝም። የማይዝገውንና የሚዝገውን በተመለከተ፣ ቆላ ለሚሄድና ሎሚ ለሚቆርጥ የማይዝገው ይሻለዋል። የሚዝገው ቶሎ ይሳላል፤ ግን ሽንኩርት እንኳ ያጠቁረዋል፤ በየጊዜው ማድረቅና ጠብታ ዘይት ማስነካት ይፈልጋል። አያቴ በጋቢያቸው ይጠርጓት የነበረው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ሰንጢ ይዞ አውሮፕላን ወደ መሳፈሩ እንለፍ። አጎቴ ከአውሮፓ ሲመጡ ልጃቸው የሰጠቻቸውን፣ ቁልፋቸው ላይ የምትንጠለጠል፣ ርዝመቷ 58 ሚሊ ሜትር የሆነች የስዊዝ ሰንጢ ይዘው ተነሡ። የተነሡበት አየር ማረፊያ ፈታሾች አይተው መለሱላቸው፤ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ስለቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ቢላ ይዞ መሳፈር አይከለከልምና። መሸጋገሪያ ላይ እንደገና ሲፈተሹ ግን እዚያ ያለው ደንብ ሌላ ነው፤ ተወሰደች። አጎቴ «እዚያ ፈቅደውልኝ ነው እኮ!» ቢሉ ማን ይስማቸው። አሜሪካኖች በ2013 እንደ አውሮፓ ትንንሹን ሊፈቅዱ አስበው፣ የበረራ አስተናጋጆችና ሌሎች አጥብቀው ስለተቃወሙ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ተዉት። የመሬቱም ሕግ አንድ አይደለም። እንግሊዝ አገር ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መዞር የሚቻለው ስለቱ ከ3 ኢንች ያልበለጠ፣ የማይቆለፍ የሚታጠፍ ሰንጢ ነው። ዓባይ በረሃ የሰው ጣት የሚያድነው መቆለፊያ ለንደን ላይ ያስከስሳል ማለት ነው። እኛም ዘንድ ቢሆን በመስቀልና በጥምቀት አደባባይ ፍተሻ ላይ ስለታም ነገር አይታለፍም፤ መታለፍም የለበትም፤ ያን ቀን ሰንጢ ቤት ይዋል።

ከሰንጢው ሌላ መንገድ ስወጣ የማልለየው ጥቂት ነው። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ አንዱ ነው፤ ማታ መኪና ሥር የገባ ሰው ሁለቱም እጁ ነጻ መሆን አለበት። ጠንካራ ቀጭን ገመድ፣ ጎዝና ፕላስተር፣ ክብሪት። ፓወር ባንክም እይዛለሁ፤ የእሱ ደንብ የሰንጢው ግልባጭ ነው። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ከመንገደኛው ጋር መያዝ አለበት፤ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ ከሆነ ደግሞ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይህም 27,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ ነው። ሰንጢና ፓወር ባንክ በአንድ ከረጢት ውስጥ አስቀምጦ አየር ማረፊያ መሄድ ከሁለት አንዱን ማጣት ነው።

ሱቅ ገብታችሁ ሰንጢ ስትመርጡ መሣሪያውን አትቁጠሩ። ክፈቱትና ስለቱን ግራ ቀኝ አወዛውዙት፤ ከተንቀጫቀጨ ተዉት። የሚቆለፍ ከሆነ ጣታችሁን ከስለቱ መንገድ አርቃችሁ የስለቱን ጀርባ እንጨት ላይ ጫን አድርጉት፤ ትንሽ እንኳ ከሸሸ ሻጩ የፈለገውን ቢምል አትግዙ። የታወቀ ስም ተቀርጾበት ዋጋው በጣም ከወረደም ተጠራጠሩ፤ የታወቀ ሰንጢ ሁሉ አስመሳይ አለው።

ውጭ ያለ ዘመድ ደውሎ «ምን ይዤላችሁ ልምጣ?» ሲላችሁ ደግሞ በዚህ ጊዜ ሽቶውን ተዉትና አንዲት ቁጥር 8 ኦፒኔል ጠይቁት። ዋጋዋ አይከብደውም። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዲያስገባት ብቻ አደራ በሉት።