ሳንባህ ፍራሽ አይደለም

ቬፑ፣ ማለትም ኤሌክትሮኒክ ሲጋራው፣ የተቃጠለ ቃና ሲያመጣበት ፈሳሹን የያዘውን ካርትሪጅ ፈልቅቆ፣ የጠቆረውን ጥጥ በመርፌ ጎትቶ አውጥቶ፣ በምትኩ የዓሳ ገንዳ ማጣሪያ ስፖንጅ በመቀስ ቆርጦ የሚወትፍበት ሰው አለ። ተው ሲሉት መልስ አያጣም። እኛም አናጣም።

«ዓሳ እንኳ ይኖርበታል፣ እኔን ምን ያደርገኛል?»

ዓሳው የሚኖረው 25 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ውኃ ውስጥ ነው። አንተ ስፖንጁን ያስጠጋኸው ከጋለ ሽቦ ጋር ነው። ሽቦው ፈሳሹን ለማትነን ከ200 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ፈሳሹ ሲደርቅበት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ማጣሪያው የተሠራው የገንዳ ቆሻሻ እንዲይዝ እንጂ ትንፋሽህ እንዲያልፍበት አይደለም።

«ፈሳሽ ስለጠጣ አይነድም።»

እስኪደርቅ ነዋ! ያ አፍህን ያመረረው ቃና ከየት መጣ ታዲያ? ብዙው ስፖንጅ ሶፋና ፍራሽ የሚሞላበት ፖሊዩሬቴን ነው። ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይወጣዋል፤ በፋብሪካ ሠራተኞች ላይ አስም በማምጣት የሚታወቀው አይሶሳያኔትም አብሮ ሊወጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ ውስጥ፣ በአንድ የምሽት ክለብ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የዚህ ዓይነት ስፖንጅ ተቀጣጥሎ 100 ሰው አልቋል። ያንተ ቁራጭ ያን ያህል ጭስ የለውም፤ ልክ ነው። ግን እነዚያ ከጭሱ ለማምለጥ ተረባረቡ፤ አንተ ከንፈርህን ገጥመህ ትስበዋለህ።

«በፈላ ውኃ አጥቤዋለሁ።»

ውኃ አቧራውን ያስለቅቃል፤ ፖሊዩሬቴንነቱን አያስለቅቀውም።

«እንግዲያው የትራስ ፖሊስተር ልጠቀም፤ ፋብሪካውም ፖሊስተር ይሞላ የለ?»

ፖሊስተርም 260 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል። ለትራስ የተሠራው ደግሞ በምን ማለስለሻ እንደተነከረ ማንም አይነግርህም። መቀሱን ስታሳርፍበት ጣትህ ላይ የሚቀረውን ብናኝ መብራት ላይ አንሥተህ እየው፤ ልትስበው ያሰብከው እሱን ነው።

«መርዝ ቢሆን በሱቅ ይሸጥ ነበር?»

ቫይታሚን ኢም በሱቅ ይሸጣል፤ በክኒን ይዋጣል፤ ቆዳ ላይ ይቀባል። ቫይታሚን ኢ አሲቴት የሚባለው ዓይነቱ ቬፕ ውስጥ ሲገባ የሆነውን ግን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 አየች። እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ድረስ በቬፕ ሳንባቸው የተጎዳ 2,807 ታማሚዎች ተመዘገቡ፤ 68 ሰዎች መሞታቸው ተረጋገጠ። አብዛኞቹ ሲስቡ የነበረው ቲኤችሲ የተባለውን የካናቢስ ንጥረ ነገር የያዘ ካርትሪጅ ነው። ከ51 ታማሚዎች ሳንባ የተወሰደው ፈሳሽ ሲመረመር በ48ቱ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ተገኘ። ሆድ የቻለውን ሁሉ ሳንባ አይችልም። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከልም ያኔ ሕዝቡን የመከረው በቬፕ ላይ ፋብሪካው ያላሰበውን ነገር እንዳይጨምር ነው።

«ከሲጋራ ግን ይሻላል!»

ከሲጋራ ጋር ሲነጻጸር የሰማኸው ከፋብሪካ እንደወጣ ያለው ቬፕ ነው። ስፖንጅ የወተፍክበት ቀን ያ ንጽጽር አበቃ፤ አሁን በእጅህ ያለው አንተ የፈጠርከው ሌላ ዕቃ ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ።

«አዲስ አበባ አዲስ ካርትሪጅ እንደልብ ስለማይገኝ እኮ ነው የምጠግነው።»

የማይገኘው በሕግ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እንዳይሸጥ ከልክሏል። በድብቅ የገዛኸው ውስጡ ምን እንዳለ ሳታውቅ፣ በላዩ ላይ ስፖንጅ ጨምረህ አንዱን ስጋት ሁለት አታድርገው።

«አዲስ ካርትሪጅ ውድ ነው።»

ሳንባስ? ካርትሪጅ ይጣላል፣ ይተካል። ሳንባ በሱቅ አይለወጥም።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፦ ቃናው ከተቃጠለ ዕቃውን ጣለው፤ ከነሱሱ ብትተወው ደግሞ የተሻለ። እስከዛሬ ስበኸው ከሆነና ደረትህን ከወጋህ፣ ካሳለህ፣ ትንፋሽ ካጠረህ ነገ ዛሬ ሳትል ሐኪም ዘንድ ሂድ። አፍረህ አትደብቅ፤ ምን እንደወተፍክበት በስሙ ጠርተህ ንገረው፤ ሕክምናው በዚያ ላይ ነው የሚመሠረተው። ሳይቃጠል በቅጠል!