ቅርስ ጠባቂው ገደል

የቅርስ ጥበቃ ሽልማት ካለ ለመሥሪያ ቤት ሳይሆን ለመቅደላ ገደል ይሰጥ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ የናፒየር ጦር አምባውን አቃጥሎ መጻሕፍቱንና ታቦታቱን በ15 ዝሆንና 200 ገደማ በሚሆን በቅሎ ጭኖ ሄደ ይባላል። ሴባስቶፖልን ግን ትቶታል፤ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል የሚባልለትን መድፍ ያን ቁልቁለት ማን ያወርደዋል? ዛሬም እዚያው አለ። እንግዲህ ከመካነ ሰላም እስከ አጅባር ላለህ ወገኔ፣ ቅርስህ ከባድ፣ መንገድህም ክፉ ይሁንልህ።

የአዲስ አበባዋ ፒያሳ ይህ ጸጋ አልነበራትም። መንገዷ ምቹ ስለነበር በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲደርስ የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ብዙም ሳይቆይ ሜዳ ሆነ። «የተመዘገበ ቅርስ አልተነካም» ይባል ይሆናል። ደግ! የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ከወጣበት ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ አሮጌ ቤት መዝጋቢውን ሲጠብቅ ቀድሞ የደረሰው ዶዘሩ ነው። «ታዲያ ሰው በአሮጌ ቤት ያለ መጸዳጃ ይኑር?» የሚለው ግን የምር ጥያቄ ነው፤ መልሱም መጸዳጃ ቤት መሥራት ነው። መጸዳጃ ለሌለው ቤት መድኃኒቱ ቤት አልባነት መሆኑን ማን እንዳዘዘ እንጃ። ጭቃና እንጨት አይቆይም ለሚሉም፣ የወሎ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ክዳኑ ሲያረጅ ክዳኑ ይቀየራል እንጂ ደብሩ አይፈርስም።

የመካነ ሰላም ሹማምንት ሆይ፣ መዝጋቢውን ከዶዘሩ በፊት ላኩልን።