ሐምሌ ላይ የተነሣ ቤት

ለፓስፖርት ፎቶ ስንሰጥ «የቅርብ ጊዜ ይሁን» ይሉናል። ለሚሸጥ ቤት እንዲህ የሚል ሹም የለም። የእህቴ ባል ሚሺጋን ውስጥ ሆተን ከተማ ያገኘልኝ ባለ አራት አፓርታማ ቤት ለገበያ የወጣው በጥር ነው፤ በፎቶው ላይ ግን ሣሩ ለምልሟል፣ በረንዳው ላይ አበባ ተንጠልጥሏል፣ ደረጃው ሥር ብስክሌት ቆሟል። ቤቱ ደረጃ እንዳለው ያወቅነውም ሐምሌ ላይ በመነሣቱ ነው።

ሆተን ከ8 ሺህ ብዙም የማይበልጥ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። የመዳብ ማዕድን ባለሙያ ለማፍራት እ.ኤ.አ. በ1885 የተከፈተው፣ ዛሬ ሚሺጋን ቴክ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ብቻውን 7 ሺህ ገደማ ተማሪ አለው። ተከራይ አይጠፋም። «ጋሼ፣ ራሱን የሚከፍል ቤት እኮ ነው!» ይለኛል የእህቴ ባል። እስከ አራት አፓርታማ ያለው ሕንፃ በብድር ሕግ እንደ መኖሪያ ቤት ይቆጠራል፤ በአንዱ ራሴ ከገባሁበት የፌዴራሉ የቤቶች አስተዳደር (ኤፍኤችኤ) ዋስ በሚሆንበት ብድር 3.5 በመቶ ቅድመ ክፍያ ይበቃል። አብሬ ልኑር ማለት ነው። ለእኛ ሰው ይህ ምን አዲስ ነገር አለው? አዲስ አበባ ሰርቪስ ቤት የተከራየ ሁሉ፣ እትዬ ከዋናው ቤት መስኮት ሆነው አምፖሉን ሲቆጥሩበት ኖሯል።

እኔን የያዘኝ በረዶው ነው። ነፋሱ ሱፒሪየር ሐይቅን ሲሻገር እርጥበቱን ተሸክሞ ይመጣና እዚያ ያራግፈዋል፤ በዓመት 5 ሜትር ገደማ። ከሆተን ወደ ሰሜን፣ በአውራ ጎዳናው ዳር፣ የበረዶ መለኪያ አቁመዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 እና 1979 መካከል በአንድ የበረዶ ወቅት የወረደው ወደ 10 ሜትር የተጠጋ እንደነበር በኩራት ተጽፎበታል። ይህን ማን ይዝቃል? ጣሪያውስ? ከጣሪያው በመጎተቻ ካልወረደ፣ የቤቱ ሙቀት ከሥር ያቀልጠውና ጠርዙ ላይ ተመልሶ ይረጋል፤ ውኃው መውጫ ሲያጣ ወደ ኮርኒስ ይገባል። ውሉ «ደጁን ተከራይ ይጠርጋል» ይላል። ተከራዮቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ በሚከበረው የበረዶ ካርኒቫል ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ሐውልት የሚቀርጹ ናቸው። ግንብ ከነጉልላቱ ይሠራሉ፤ የደጃቸውን ደረጃ ጥረጉ ሲባሉ ፈተና አለባቸው።

የውስጡን ፎቶ ሳገላብጥ ግን ሳቄ ጠፋ። የመመገቢያ ክፍሉን በኮምፔንሳቶ ከፍለው «አምስተኛ መኝታ» ብለውታል። መስኮት የለውም። እሳት ቢነሣ ልጁ በየት ይውጣ? ኪራዩ በአልጋ ይሰላል፤ ልጁ በግንቦት አገሩ ቢገባም የአሥራ ሁለት ወር ይከፍላል፤ የሚከፍለውም አርጅቶ ከነወለዱ ከሚመልሰው የትምህርት ብድር ነው። ይህን ሁሉ ባለቤቱ «ያልተነካ የገቢ አቅም» ብሎ ጽፎታል። ምን የቀረ ነገር አለና ይነካል? ቁም ሣጥኑ?

«ጋሼ፣ ኮምፔንሳቶው በአንድ ቀን ይፈርሳል» አለኝ የእህቴ ባል ለስለስ ብሎ። ይፈርስ ይሆናል። አራት አልጋ ሲሆን ግን ቤቱ ራሱን መክፈሉን ሲያሰላ አላየሁትም።

ቤዝመንቱ ሳውና አለው። ለመዳቡ ሥራ የመጡት ፊንላንዳውያን ያስለመዱት ነው ይባላል። ባለቤቴ ፎቶውን አጉልታ ስታይ ቆየችና ቋንጣ ቢሰቀልበት ይደርቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የእህቴ ባል ይደርቃል ባይ ነው፤ እኔ ሙቀቱ ያበስለዋል እንጂ አያደርቀውም እላለሁ። እስካሁን አልተስማማንም።